አንድ ጣት

ኳሱ ከአባቷ እግር ሲለቅ ነሪዳ ትሬምባት በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሀል ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ቆማ ነበር። የጎል ዳኛ ነጭ ካፖርቷ ከጉልበቷ በታች ይወርዳል፤ ባርኔጣው ሰፍቷት ጆሮዋ ላይ አርፏል። ሜዳውን ከበው፣ አፍንጫቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ከቆሙት መኪኖች አንዳንዶቹ ኳሱ ገና አየር ላይ ሳለ ጡሩምባቸውን መንፋት ጀምረዋል። ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ለመዝለል ተዘጋጅተዋል። ያራኪ የምትባለው ትንሽ የስንዴ አገር ከተማ ሥራዋን ጥላ የመጣችው ይህችን አንዲት ምት ለማየት ነው።

የዚያ አገር እግር ኳስ ሞላላ ነው፤ በደንብ ሲመታ ወደ ኋላ እየተገለበጠ እኩል ይሽከረከራል። ነሪዳ ከዚያ ሽክርክሪት ላይ ዐይኗን አልነቀለችም። ኳሱ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ እየመጣ ነው፤ ግን እየወረደም ነው። ከመስመሩ ፊት ስድስት ሰዎች ተፋፍገው ዘለሉ። ከመሀላቸው አንድ ቀጭን እጅ ከሁሉም በላይ ተመዘዘ፤ የጎረቤቷ ከተማ የኪንድራ ቡድን ተከላካይ የትሮይ ሌንጅ ግራ እጅ ነበር። የትንሿ ጣቱ ጫፍ ኳሱን ስትነካ ነሪዳ አየች። ጣቲቱ ወደ ኋላ ታጠፈች፤ የኳሱ ሽክርክሪት ተሰናከለ፤ ኳሱም እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ መስመሩን አልፎ ከጀርባዋ ወደቀ።

በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሀል ሳይነካ ካለፈ ጎል ነው፤ ስድስት ነጥብ። የሌላ ተጫዋች እጅ ካገኘው ግን ጎል መሆኑ ይቀራል፤ አንድ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ይህን ያራኪ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።

ልጆቹ ዘለው ገቡ። ከኋላቸው አባቶቻቸው፣ ከአባቶቻቸው ኋላ ከነዱላቸው ሽማግሌዎች ተከተሉ። ሁለት የቡድን ጓደኞቹ አባቷን ኬልቪን ትሬምባትን ትከሻቸው ላይ አወጡት። የመሀል ዳኛው እያለከለከ መጣና ከሩቅ ስለነበረ እንዳላየ፣ ውሳኔው የእሷ እንደሆነ ነግሯት መንገዱን ለቀቀላት። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ለጎል ሁለት ጣት፣ ለአንድ ነጥብ አንድ ጣት።

ነሪዳ አንድ ጣቷን ቀሰረች። ከዚያ ከሁለቱ ነጫጭ ባንዲራዎች አንዱን ብቻ መዛ አውለበለበች።

ጡሩምባዎቹ ባንድ ጊዜ አልቆሙም። መጀመሪያ በቅርብ ያሉት፣ ቀጥሎ የጎን፣ በመጨረሻ ማዶ ያሉት እየተራገፉ ዝም አሉ። አባቷ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ጣቷን አየ። ነሪዳም እሱን አየችው። ሰዎቹ ቀስ ብለው ወደ መሬት አወረዱት።

ትንሽ ቆይቶ የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ጮኸ። ያራኪ ከአርባ በላይ በሆነ ነጥብ ልዩነት አሸነፈች፤ ደስ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ኬልቪን ትሬምባት ለያራኪ መጫወት የጀመረው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ያኔ ከሲታ ነው። በመጀመሪያ ጨዋታው አምስት ጊዜ መትቶ አምስቱንም ስቶ፣ አንድ ሽማግሌ በመኪናው መስኮት «ይሄን ልጅ እርሻ ላይ ወፍ ማባረሪያ አድርጋችሁ አቁሙት» ብሎ የጮኸው እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያው ሳምንት ልጁ ከስንዴ ማሳቸው ዳር ሁለት አሮጌ የስልክ እንጨቶች ተከለ። ሥራ ባበቃ ቁጥር፣ ነፋስም ይሁን አቧራ፣ በነሱ መሀል መቶ መቶ ጊዜ ይመታ ጀመር። ሃያ ዓመት ሲሞላው ሜልበርን ካሉት ትልልቅ ክለቦች አንዱ ወሰደው። የጨዋታው ወራት ሳያልቁ አባቱ ከትራክተር ወድቆ ወገቡ ሲሰበር እርሻው ጠባቂ አጣና ተመለሰ። ስለ ሜልበርን ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተናገረ ከተባለ የተናገረው በእግሩ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መቶ ሁለት ጎል አገባ። መቶኛዋ ስትገባ ሕዝቡ አጥር ጥሶ ገብቶ ጨዋታው ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። በዚያ ዓመት ያራኪ ውስጥ ሦስት ሕፃናትና አንድ በሬ ኬልቪን ተባሉ።

እንዲህ እያለ ሃያ አንድ ዓመት ቆየ። ጣቶቹ ከብዙ ቅለባ የተነሳ ተጣመው ቀለበት አልገባ ብሏቸዋል። ሁለቱ ጉልበቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት ይታዘዙትና እሑድ ጠዋት ደረጃ መውረድ ይከለክሉታል። ዘንድሮ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው። ኬልቪንም የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ የእሱም መጨረሻ እንደሚሆን አሳወቀ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያ አገር የሊግ ጨዋታ ብዙ ጎል ያገባው አልበርት ዊክስ የሚባል የኪንድራ ሰው ሲሆን፣ ከሞተ ቆይቷል፤ የጎሎቹ ቁጥር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ኖሯል። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት። ኬልቪን ቅዳሜ ዕለት፣ በዚያ መጨረሻ ጨዋታ፣ አራት አገባና ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ። አምስተኛዋ ነበረች ትሮይ ሌንጅ በትንሿ ጣቱ የነካት።

ነሪዳ ያንን ነጭ ካፖርት እንዴት እንደለበሰች ያልገባው ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሊግ እያንዳንዱ ክለብ የራሱን የጎል ዳኛ ያመጣል። የያራኪው አሮጌ ዳኛ ዐይኑ ሲፈዝበት የክለቡ ሊቀ መንበር ኔቪል ድሩ ሰው ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ፤ ቁጭ ብሎ ቢራ እየጠጣ ዳኛ የሚሳደብ እንጂ ቆሞ የሚሰደብ ማን ይሆናል? ነሪዳ እጇን አወጣች። የተጫዋች ልጅ ናት ብሎ ያጉረመረመ ነበር፤ ኔቪል ግን ያራኪ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ካገኛችሁ አምጡልኝ ብሎ ሳቀባቸው። ካፖርቱን እናቷ ሊንዴል ከአልጋ ልብስ ሰፋችላት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ፒክአፑን ነዳ። እናቷ መሀላቸው ተቀምጣ አንዴ ስለ ዝናቡ፣ አንዴ ስለ በጎቹ አነሳች፤ የሚቀበላት አጣች። ነሪዳ የሆነ ነገር እንዲጠይቃት ስትጠብቅ ቆየች። ቢቆጣ ትመልስ ነበር። እሱ ግን ቤት እንደደረሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ በረዶ አሰረና ቴሌቪዥኑን እንደጠፋ አፍጥጦ አየው።

ሰኞ ትምህርት ቤት ወሬው ቀድሟት ደረሰ። የሁለቱም ከተማ ልጆች የሚማሩት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከአውቶቡሱ ስትወርድ አንዱ ጣቱን ቀሰረባት። በኮሪደሩ ስታልፍ ግራና ቀኝ የቆሙት በሙሉ አንድ አንድ ጣታቸውን አወጡ፤ ከቤተ ሙከራው በር ላይ የሚሳሳቁ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ። የኪንድራዎቹ ለቀልድ ነው። የያራኪዎቹ ግን የምራቸውን ነበር። ነሪዳ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ እግሯን ግን አላፈጠነችም። መጨረሻ ላይ ቆመችና ዞራ አየቻቸው።

«ጥሩ ነው፤ አንድን ችላችኋል» አለች። «ሁለትን ደግሞ ጎል ሲገባ አሳያችኋለሁ።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ከያራኪዎቹ መሀል ግን የሳቀ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ትሮይ ሌንጅን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘችው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ ሲያስጠናት ቆይቷል፤ ተቃራኒ ቡድን ስለሆኑ እየተናደፉ የተግባቡ ጓደኛሞች ናቸው። ግራ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደብቋል። አጠገቡ ተቀመጠችና ጣቱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። በር እንደያዘው ነገራት።

«ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሜዳ ላይ፣ የትኛው በር?»

ትሮይ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና እጁን አወጣ። ትንሿ ጣት ከጎረቤቷ ጋር በፋሻ ታስራ፣ ጫፏ እንደ በሰለ ወይን ጠቁሮ አብጧል።

«ስሚኝ ነሪ፣ ሰውየው ሃያ አንድ ዓመት ለፍቷል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ በአርባ ነጥብ ተሸንፈናል። እኔ ብነካ ባልነካ ማንን ይጎዳል? ለአባትሽ ስጦታ ነው በይው።»

«የማን ሆኖ ነው የምትሰጠው?»

«ምኑ?»

«ጎሉ። ያንተ አይደለማ።»

ትሮይ ለአሰልጣኙ አልነካሁም ብሎ መናገሩን፣ ያንኑም ለወረዳው ጋዜጣ እንደደገመው ነገራት። ሲናገር ሕዝቡ ትከሻውን እየመታ አመስግኖታል፤ ያራኪዎች እንኳ ሳይቀሩ ቢራ ሊገዙለት ተሻምተዋል። አሁን ቃሉን ቢያጥፍ በሁለቱም ከተማ ውሸታም ተብሎ ይቀራል። እሷ ብቻ ብትተወው ሁሉም ሰው ያርፋል አላት።

«ሁሉም ሰው ስትል እኔን አልቆጠርክም» አለችና ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች።

ማክሰኞ ኔቪል ድሩ ራሱ እርሻው ድረስ መጣ። ጎማ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ምን ቢታጠብ የማይለቅ ጥቁረት አለው፤ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። የኬልቪንን የመጀመሪያ ጎል አይቶ ያለቀሰ፣ በነሪዳ ክርስትና ላይ የተገኘ ሰው ነው። ኬክ ይዞ ነበር የመጣው። ኬኩን ከበሉ በኋላ አንድ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ ነሪዳ ፊት አስቀመጠ።

ሊጉ ሐሙስ ይሰበሰባል አለ። ትሮይ ሌንጅ አልነካሁም ብሎ ፈርሟል። ሆኖም በደንቡ የጎል ዳኛን ውሳኔ የሚለውጥ ሌላ ማንም የለም፤ ራሷ ዳኛዋ ተሳስቻለሁ ካላለች በቀር። ወረቀቱ ደግሞ ይህንኑ ይላል፤ ፀሐይ ዐይኔ ላይ ስለነበረች በግልጽ አላየሁም፤ ኳሱ ሳይነካ እንዳለፈ አምናለሁ።

ነሪዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሚስተር ድሩ፣ ቅዳሜ እኮ ፀሐይ አልነበረም።»

ኔቪል ቃሉን እንደፈለገች ልትለውጠው እንደምትችል፣ ደመናም ብትል ግድ እንደሌለው ነገራት። ከዚያ ወደ ኬልቪን ዞረና ከእሷ ጋር እያወራ እሱን አየው። አዲስ የተሠራውን የተመልካች መቀመጫ በኬልቪን ስም ልንሰይመው አስበናል አለ። ልጆች ገና ከአሁኑ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት ብለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ጽፈዋል። አንዲት ከተማ በሃያ ዓመት አንዴ የምትኮራበት ነገር ስታገኝ፣ የራሷ ልጅ ከእጇ ትነጥቃታለች?

«የኔ ልጅ፣ ማንም አይጎዳም» አላት ሲነሳ። «ሟቹ ዊክስ እንኳ ከመቃብሩ ተነስቶ አይከሰንም።»

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ሦስቱም ወረቀቱን ከበው ቀሩ። እናቷ ሃያ አንድ ዓመት የሱን ቁምጣ ያጠበችው እሷ ስለሆነች በቁጥሩ እንደጠገበች፣ ወዲያም ይሁን ወዲህ ብቻ ነገሩ እንዲያልቅላት እንደምትፈልግ ተናግራ ሳህኖቹን አነሳች።

«አንተስ አባዬ?»

«እኔ ምንም አልልሽም» አለ። ብሎም እያነከሰ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ነሪዳ ያንን ሌሊት ብዙም አልተኛችም። ኮሪደር ሙሉ ጣት፣ የኔቪል ኬክ፣ የትሮይ ውሸት፣ ይህን ሁሉ ችላ ነበር። «ምንም አልልሽም» ግን አልዋጥ አላት። ምንም አልልሽም ማለቱ ፈርሚ ብሎ መለመኑ እንደሆነ ገብቷታል። ሲነጋ ሐዘኗ አልቆ ተናዳ ተነሳች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ከማሳው ዳር አጥር ሲጠግን አገኘችው። በጎች የጣሱትን ሽቦ በጉጠት እየወጠረ ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊቱ ቆመች።

«አልፈርምም» አለችው። «ላንተም ቢሆን አልፈርምም። ትሰማኛለህ? ነክቶታል። የትንሿ ጣቱ ጫፍ ነው፤ በግራ እጁ። ኳሱ ተንገዳገደ። አንተም ከዚያ ሆነህ ሲንገዳገድ ሳታየው አልቀረህም።»

ኬልቪን ጉጠቱን ሽቦው ላይ እንደነከሰ ተወው። መሬት ላይ ሊቀመጥ ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው እንጨቱን ተደገፈ።

«አይቼዋለሁ» አለ።

ነሪዳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ሌላ አንድ ነገር አለ። ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም።» ዐይኑን ከሽቦው ላይ አላነሳም። «ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ኪንድራ ሜዳ፣ ለዋንጫ ማለፊያ ስንጫወት። ሰዓቱ አልቋል፤ በአራት ነጥብ ተመርተናል። መታሁ። ምሰሶውን ስትነካ ሰማሁ። ጠቅ አለች፤ በጥፍር እንደመምታት ናት። ዳኛውን ሰው ጋርዶት ነበር፤ አላየም፣ በጩኸቱ ውስጥ አልሰማም። ሁለት ጣት አወጣ። እኔ ዝም አልኩ።»

ምሰሶ የነካ ኳስም አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ነሪዳ ሒሳቡን ለመሥራት አልቸገራትም። ያን ዓመት ያራኪ ዋንጫ በልታለች፤ ፎቶው ክለቡ በር ላይ ተሰቅሏል፤ እሷም ሁለት ዓመቷ ሆኖ ፎቶው ውስጥ አባቷ ክንድ ላይ ናት።

«ከዚያ ወዲህ ሰው ቁጥሬን በጠራ ቁጥር በሆዴ አንድ እቀንሳለሁ» አለ። «ቅዳሜ ትከሻቸው ላይ ሆኜ ጣትሽን ሳይ የተናደድኩት ባንቺ መስሎኝ ነበር።»

ተቃቅፈው እንደሆነ፣ አልቅሳ እንደሆነ ብትጠየቅ ነሪዳ የለም ነው የምትለው። እንዲያውም ያን ጊዜ የባሰ ተናደደች። ታዲያ ለምን አራት ቀን ሙሉ ብቻዋን እንደተዋት፣ ኔቪል ኬኩን ሲቆርስ ለምን አብሮ እንደበላ ጠየቀችው። ኬልቪን ስለፈራ እንደሆነ ነገራት። ከተማው ኬልቪን ትሬምባት ከሚለው ስም ሌላ እሱን የሚያውቅበት ነገር እንደሌለ፣ ያ ስም ከተነካ ምን እንደሚተርፈው እንደማያውቅ ነገራት።

«ነገ እንደኔ ቁመህ ትናገራለህ?»

ነፋሱ ያልተወጠረውን ሽቦ ያፏጨዋል።

«አልችልም ነሪ።»

ነሪዳ አባቷን አየችው። በሕይወቷ ትልቁ ሰው እሱ ነበር፤ አሁን ካጥሩ እንጨት የማይበልጥ ሆኖ ታያት፤ ሆኖም ከቅዳሜ ወዲህ እንደዚያች ደቂቃ ቀርቧት አያውቅም።

«እሺ» አለች። «ያ ያንተ ነው። ይሄኛው የኔ ነው።»

ጉጠቱን አንስታ ያዘችለትና ሽቦውን አብረው ወጠሩት።

ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኪንድራ ወዳለው አዳራሽ የነዳት እሱ ነው። ልምጣ አልምጣ አላለም፤ ቁልፉን ይዞ ፒክአፑ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ አራት የሊጉ ሰዎች፣ ኔቪል ድሩና የሊጉ ጸሐፊ ሚስዝ ሆብደን ነበሩ። ሚስዝ ሆብደን መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የሰዎቹን ሁሉ ንግግር ሳታቋርጥ የምትጽፍ ሴት ናት። አባቷ መቀመጥ ስላልቻለ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

የትሮይ ቃል ተነበበ። ኔቪል ስለ ከተማዋና ስለ ኬልቪን ረዘም አድርጎ፣ አሳምሮም ተናገረ፤ ከሊጉ ሰዎች ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ነሪዳ ዞሩ። ካፖርቷን ለብሳ ነበር የመጣችው። እናቷ ምን ይሠራልሻል ብላ ጠይቃት ነበር፤ ሥራዬን ነው የሚጠይቁኝ ብላ ለብሳው ወጣች። የኔቪልን ወረቀት ከኪሷ አወጣችና በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በፊቱ በኩል ፊርማ የለም። በጀርባው በእጇ የጻፈችው ሁለት መስመር ነው፤ የኪንድራው ተከላካይ ኳሱን መስመሩን ሳያልፍ በግራ እጁ ትንሽ ጣት ነክቶታል። በደንብ አይቻለሁ። ከሥሩ ስሟና ፊርማዋ አለ።

ሚስዝ ሆብደን መነጽሯን አጥልቃ ጮክ ብላ አነበበችው። ከሊጉ ሰዎች አንዱ ውሳኔው እንደጸና፣ ኬልቪን ትሬምባትና አልበርት ዊክስ እኩል እንደሆኑ በአንድ ትንፋሽ ተናገረና ሻዩን ጠጣ። ነሪዳ ሳታስበው ወደ ኋላ ዞረች። አባቷ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከግድግዳው ተላቆ ቆሟል። አፉ ተከፈተ። ኔቪል የሚያጽናናው ነገር ፈልጎ ወደ እሱ ሲዞር ግን አፉ ተመልሶ ተዘጋ።

«ከተማው ይህን አይረሳም» አላት ኔቪል። አልጮኸም፤ የምር ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

«አይርሳ» አለች ነሪዳ።

ኔቪል ለሚመጣው ዓመት ክለቡ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ፣ እሷም ለትምህርቷ ጊዜ እንደሚያስፈልጋት ነገራት፤ ባንዲራዎቹንና ካፖርቱን እንድትመልስም ጠየቃት። ነሪዳ ሁለቱን ባንዲራዎች ከክንዷ ሥር አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት።

«ባንዲራዎቹ የክለቡ ናቸው። ካፖርቱን ግን እናቴ ነች የሰፋችው።»

ሰዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ተነሱ። ነሪዳ አልተነሳችም። ሁሉም ወደ በሩ ሲያመሩ ወደ ሚስዝ ሆብደን ጠጋ አለችና የየትኛውም ክለብ ያልሆኑት፣ ሊጉ ራሱ በየሜዳው የሚመድባቸው ዳኞች ሥልጠና የሚጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ መጋቢት ውስጥ ነው አለች። ስንት ዓመትሽ ነው ብላም ጠየቀቻት፤ አሥራ ስድስት ልሞላ ነው ስትላት የተመዝጋቢዎቹን ደብተር ሳበች።

እስክሪብቶዋ «ነሪዳ» ብላ ጽፋ ቆመች።

«በየሜዳው ይጠብቁሻል እኮ» አለቻት ሚስዝ ሆብደን። «ዘጠኝ ክለብ አለ፤ ይህን ስም የማያውቅ የለም። ከፈለግሽ በእናትሽ ቤተሰብ ስም ልጽፍልሽ እችላለሁ።»

ከበሩ አጠገብ የአባቷ የሚያነክስ እርምጃ ሲቆም ነሪዳ ሰማች። ዞራ አላየችም።

«ትሬምባት ብለው ይጻፉት» አለች።